ሳይክል በካርቶን አሽጎ ከጅማ መብረር፦ ጥያቄና መልስ

የሳይክል ጉዟችሁን ጨርሳችሁ በአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ለምትመለሱ ነው። ከቦንጋም ኑ ከአጋሮ፣ የማሸጉ ሥራ አንድ ነው። ጥያቄ እንደመጣ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሳይክል ካርቶን ከየት ይገኛል?

መልስ፦ መርካቶ ሳይክል የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቅ። አዲስ ሳይክል በካርቶን ነው የሚመጣላቸው፤ ገጣጥመው ሲጨርሱ ካርቶኑ ትርፍ ነው። ከበረራህ ሦስት አራት ቀን ቀድመህ ንገራቸው፣ አለዚያ ተቀዶ ወለል ላይ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። የአዋቂ ሳይክል ካርቶን በግምት 140 በ80 በ20 ሳንቲሜትር ነው። ሜትር ይዘህ ሂድ፤ የልጅ ሳይክል ካርቶን ተሸክሞ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። ከታጣ ሁለት የፍሪጅ ወይም የትልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን ቀደህ አንዱን በሌላው ላይ ታጠልቃለህ። መገጣጠሚያው ላይ ፕላስተር ብቻ አይበቃም፤ በስተህ በገመድ ስፋው።

ጥያቄ፦ በጆንያ ብጠቀልለውስ? እዚህ አገር እንደሆነ ጆንያ ሞልቷል።

መልስ፦ ጆንያ ከጭረት ያድናል፣ ከጫና አያድንም። ሳይክል የሚሰበረው ሌላ ሻንጣ ጎኑ ላይ ሲጫንበት ነው። በዚያ ላይ የቡና ገለባ ያለበት ጆንያ ዘርና አፈር የሚቆጣጠሩ አገሮች ስትደርስ ጣጣ ያመጣብሃል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ቅደም ተከተል ልፍታው? ምን ምን ቁልፍስ ያስፈልገኛል? ከዚህ በፊት ፈትቼ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ከሠራሽ በሁለት ሰዓት ያልቃል። የሚያስፈልግሽ 15 ቁልፍ ለፔዳል (አንዳንዱ ፔዳል ከውስጥ በኩል በ6 ወይም በ8 ብሩጎላ፣ ማለትም በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ነው የሚፈታው)፣ 4፣ 5 እና 6 ብሩጎላ፣ ሁለት ጥቅል ሰፊ ፕላስተር፣ አሥራ አምስት ያህል የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ከፍራሽ ሱቅ ቁርጥራጭ ስፖንጅ፣ ከጎሚስታ ደግሞ ያለቀለት የውስጥ ጎማ። እሱን በቁመቱ ቀደሽ ፍሬሙ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ፤ ከስፖንጅ ይልቅ ቦታውን አይለቅም።

መጀመሪያ ሰንሰለቱን ትልቁ የፊት ጥርስ ላይ አድርጊው፤ ጥርሶቹን ስለሚሸፍን ካርቶኑን አይበሱም። የመቀመጫውን ቁመት በፕላስተር ምልክት አድርገሽ አውጪው። ፔዳሎቹን ፍቺ። መሪውን የያዙትን የፊት አራት ብሎኖች ፍቺና ከነኬብሉ ከፍሬሙ ጎን አስተኚው። ከመሪው መሃል አናት ላይ ያለችውን ብሎን ግን አትንኪ፤ እሷና የጎኖቹ ከተፈቱ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ኩሽኔታውም ይበተናል።

ቀጥሎ የኋላ ካምቢዮ አለ፣ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው። በእኔ አስተያየት ሌላውን ሁሉ ብትተዪ እሱን አትተዪ። ካምቢዮው የተንጠለጠለባት ቁራጭ አሉሚኒየም ፍሬሙ ከሚሰበር እሷ እንድትታጠፍ ተብላ የተሠራች ናት፤ ትንሽ ስትጫን ትጣመማለች፣ ቤት ስትደርሺ ሰንሰለቱ ጥርስ እየዘለለ ያስቸግርሻል፣ ካምቢዮው የጎማ ሽቦ ውስጥ የሚገባበትም ጊዜ አለ። በ5 ብሩጎላ ከማንጠልጠያው ፍቺው፤ ኬብሉንም ሰንሰለቱንም ሳትበጥሺ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን እሰሪው።

የፊት ጎማውን አውጥተሽ ሰንሰለት በሌለበት በግራ በኩል ከፍሬሙ ጋር እሰሪ። የጎማው ፐርኖ ጫፍ ላይ የውሃ ጠርሙስ ክዳን አድርጊና በፕላስተር ያዢው። ባዶ በቀረው ፎርክ መሃል ደግሞ እንጨት አስገቢ፤ ባብዛኛው 100 ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንዱ 110፣ ለክተሽ አናጺ ጋ አስቆርጪ። እንጨት ከሌለው ፎርክ ከጎን ሲጫን ወደ ውስጥ ይጠብባል። ብሎንና ትንንሽ ዕቃ በአንድ ከረጢት ሆኖ ከፍሬሙ ጋር ይታሰር፤ ልቅ ከተተወ በካርቶኑ እጀታ ቀዳዳ ይወጣል።

ሲያልቅ ካርቶኑን ነቅንቂው። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ክፈቺው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የግራው ፔዳል ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለኝ።

መልስ፦ እያጠበቅከው ይሆናል። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ቁልፉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገህ አስገባና ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ሳብ፤ በሁለቱም በኩል በዚህ ይፈታል። ሲገጠም ግራሶ ቀባው።

ጥያቄ፦ ጎማው አየር ላይ እንዳይፈነዳ ሙሉ በሙሉ ላስተንፍሰው?

መልስ፦ አይፈነዳም። የመንገደኛ አውሮፕላን የጭነት ክፍልም ግፊቱ የተጠበቀ ነው፤ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ዓይነት አየር ይሆናል። አዲስ አበባ ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጅማ 1,700 ገደማ። ስለዚህ ጎማህ አዲስ አበባ ቆሞ ከሚደርስበት ብዙም የተለየ ነገር አይገጥመውም። ነገር ግን ብዙ አየር መንገድ አስተንፍሱ ስለሚል ግማሹን አስወጣና ቸርኬውን የሚጠብቅ ያህል ተውለት።

ጥያቄ፦ የእኔ ዲስክ ፍሬን ነው፣ ዘይት ያለው።

መልስ፦ ጎማው ሲወጣ በፍሬን ሸራዎቹ መሃል ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የታጠፈ ካርቶን ሰካ። ባዶውን እጀታው ከተጨበጠ ሸራዎቹ ይገጥሙና ዲስኩ አልገባ ይላል። የፊት ዲስኩ ከፍሬሙ በኩል እንጂ ወደ ውጭ እንዳይዞር፤ ስፖንጅም ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ቀይ ጭቃ ለብሷል። ሰንሰለቱን በቤንዚን ላጥበው?

መልስ፦ በፍጹም። ቤንዚንም ነጭ ጋዝም ሽታው አይለቅም፤ ተቆጣጣሪው ከሸተተው ዕቃህን አይቀበልህም፣ ልክም ነው። ሙቅ ውሃ፣ ኦሞና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ከማሸግህ ሁለት ቀን ቀድመህ እጠበው፤ እርጥቡን ከታሸገ ሰንሰለቱ ይዝጋል፣ ካርቶኑም ከታች ይላሽቃል። በክረምት ደግሞ ካርቶኑ ዝናብ ላይ ሊቆም ስለሚችል ሳይክሉን መጀመሪያ በሰፊ ላስቲክ ጠቅልለው።

ጥያቄ፦ ኪሎውስ?

መልስ፦ የጉዞ ሳይክል ከ13 እስከ 16 ኪሎ ነው፣ ካርቶንና ማሸጊያው ሦስት አራት ይጨምራል። ቲኬትህ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ከፈቀደ ለድንኳንና ለልብስ ትንሽ ይተርፍሃል፤ ከ32 በላይ ግን ብዙዎቹ አየር መንገዶች በአንድ ዕቃ አይቀበሉም። ቡና ነጋዴ ጋ ሂድና በሚዛን አስመዝነው። ከኪሎው ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው መጠኑን ነው፦ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት ሲደመር 158 ሳንቲሜትር የተለመደው ወሰን ነው፣ የሳይክል ካርቶን 240 ይደርሳል። ስለዚህ ቀድመህ ደውለህ አስመዝግብ። የአገር ውስጥ በረራ ላይ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 ይበዛል፤ የዕቃ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሳያስመዘግቡ የመጡ ካርቶኖች ለሚቀጥለው በረራ ሊቀሩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክና ቡታጋዝ ምድጃ አለኝ።

መልስ፦ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት። የጋዝ ቆርቆሮ የትም አይገባም፤ እዚሁ ለሰው ስጥ። የኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪ ከወሰኑ በብዙ ስለሚያልፍ በመንገደኛ አውሮፕላን አይሄድም። የመፍቻ ቁልፎችህን ካርቶኑ ውስጥ ክተት።

ጥያቄ፦ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄጄ እዚያ ባሽገው አይሻልም?

መልስ፦ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በግቤ ሸለቆና በወልቂጤ። ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ከሌላ ጭነት በታች የሚታሰር ከሆነ ከአውሮፕላኑ የባሰ ነው። ከጭነቱ በላይ፣ ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ካምቢዮው ተፈትቶ ከተጫነ ግን ጥሩ አማራጭ ነው፤ ገንዘብም ይቆጥባል።

ጥያቄ፦ ማረፊያው ላይ ምን ልጠብቅ?

መልስ፦ ካርቶኑ በራጅ ማሽኑ ካልገባ ያስከፍቱዎታል። አንዱን ጎን በቀላሉ እንዲከፈት አድርገው ይተዉ፣ ትርፍ ፕላስተርም በእጅዎ ይያዙ፤ መቁረጫውን ግን አይደለም። ወደ ውጭ አገር የሚቀጥሉ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የመጨረሻ መድረሻዎን መያዙን እዚያው አይተው ያረጋግጡ። ቲኬቶችዎ ለየብቻ ከተገዙ ቦሌ ላይ ካርቶኑን ወስደው እንደገና ማስረከብ አለብዎት፤ ለዚያ የሚሆን ሰዓት ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ ተሰብሮ ቢደርስስ?

መልስ፦ አዳራሹን ሳትለቅ ካርቶኑን ክፈት፣ ፎቶ አንሳ፣ የጉዳት ሪፖርት አስሞላ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ የተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ በ7 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ከመታሸጉ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለህ ክርክሩ ያጥርልሃል፤ ካምቢዮውን፣ ፎርኩንና ዲስኩን በቅርብ አንሳቸው።