መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ ጉበቱ ግን ታመመ

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው፣ መጠጥ አይጠጣም፣ የጉበት ቫይረስም ተመርምሮ የለብህም ተብሏል፣ ግን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ስንሄድ ጉበቱ ጠባሳ እየያዘ ነው አሉን። ሰፈር ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል ጨምቀው አጠጡት። ሐኪሙ ጫት ይቅማል ወይ ሲለኝ በየቀኑ አልኩ፣ እሱ ግን «አባቴ እየቃመ አይደል 80 የደፈነው» ብሎ ተቆጣኝ። ማነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪሙ ለወሬ አይደለም የጠየቀሽ። እዛው አጠገባችሁ ሐረር፣ ጁገልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ውስጥ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸው 150 ሰዎች ተጠንተው ነበር፣ ከግማሽ በላዩ ልክ እንደ ባለቤትሽ ቫይረስም ሲፈለግ የለም፣ መጠጥም ሲባል የለም። ከዛ እነዚህን 150 ሰዎች የጉበት በሽታ ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር አነጻጸሯቸውና በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ፣ ቃሚዎቹ ላይ በሽታው በዝቶ ተገኘ፣ ብዙና ለረጅም ዓመት የቃመ ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔን ያሳመነኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ግን እንዲህ አይነት ጥናት ሰውን ወደኋላ መልሶ ስንት ቃምክ ብሎ የሚጠይቅ ነው፣ ያንን ደግሞ ማን በትክክል ያስታውሳል? ደግሞም ቃሚ ሁሉ ጉበቱን ይታመማል አይልም፣ ስለዚህ አባትየው 80 መድፈናቸውና ጥናቱ አይጣሉም። እንግሊዝ አገር የሶማሌ ቃሚዎች ላይ የታየው ነገር ግን ይገርማል፣ ሲያቆሙ የጉበት ኢንዛይማቸው (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው) ወረደ፣ መልሶ የጀመረው ላይ እንደገና ወጣ። ለምን እንደሆነ ገና እየተከራከሩበት ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት ማጥቃት ይጀምራል የሚሉ አሉ፣ ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ነው የሚሉም አሉ።

እናንተም ቤት ይሄ ሙከራ ይቻላል፣ ጫቱን ሙሉ በሙሉ ይተውና ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ ኢንዛይሙ ይለካ። ቫይረስ የለም ሲሏችሁ ሄፓታይተስ ቢም ሲም ታይቶ እንደሆነ ጠይቂ፣ አንዳንዴ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው። የቅጠሉን ጭማቂ አቁሙ፣ ምን እንደጠጣም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ፣ የተጎዳ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅምና። ሆዱ ውሃ ከቋጠረ፣ ደም ካስታወከው፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም መቀባጠር ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ጫቱን ሲተው ዱካኩ ይመጣበታል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ሕልም ያስጮኸዋል፣ ይሄ ጫቱን ከማቆሙ ነውና አትደንግጪ። በተለይ ከምሳ በኋላ፣ በበርጫ ሰዓት፣ ብቻውን አትተዪው።