ሶሎህ መድረክ ላይ የሚጠፋው በፔዳል እጥረት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብሁት። ቤት ውስጥ ጊታርህን በትንሿ አምፕ (ማጉያ) ስትጫወት የሚያረካህ የሊድ (የመሪ ጊታር) ድምፅ ከባንዱ ጋር መድረክ ላይ ስትወጣ እንደሚጠፋብህ፣ የዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን፣ በእግር የሚረገጠውን ፔዳል) ጌይን (የማሻከሩን መጠን) እስከ መጨረሻው ብትከፍተውም ለውጥ እንዳላገኘህ፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛ ፔዳል ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምህ መሆኑን ጽፈሃል። ገንዘቡን ለጊዜው አትንካው። በሆቴልና በሠርግ ባንዶች ውስጥ ሊድ ስጫወት የኖርሁ ሰው በመሆኔ የገለጽኸውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ኪቦርድ አለ፣ ሳክስፎን አለ፣ ዘፋኙ ከሁሉም በላይ መሰማት ይፈልጋል፣ ለጊታሩ የቀረ ቦታ ግን የለም።

አንደኛ፣ የቀነስኸውን ሚድ (መካከለኛውን ድምፅ) መልሰው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙንና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) አሳንሶ ስለሚሰማ፣ ቤት ውስጥ ሁለቱን ከፍ አድርጎ ሚዱን መቀነስ ጊታሩን ሙሉና ውብ ያስመስለዋል። አምፑ በመድረክ ልክ ሲከፈት ግን ያ ቤዝ ከቤዝ ጊታሩና ከቤዝ ድራሙ ጋር ይጋጫል፣ ትሬብሉም በሲምባሉ ይዋጣል፤ ሶሎው ሊኖርበት የሚገባው መካከለኛው ክልል ደግሞ ለኪቦርዱ ተለቅቆ ይቀራል። የቀጭኑ ክር 12ኛ ፍሬት 659 ኸርዝ ነው፤ ማለትም ሶሎ የምትጫወትበት ከፍታ ራሱ በዚህ መካከለኛ ክልል ውስጥ ነው። አይባኔዝ ቱዩብ ስክሪመር የተባለው ፔዳልና እሱን መስለው የተሠሩት ሁሉ ጉልበታቸው 720 ኸርዝ አካባቢ መሆኑና ከዚያ በታች ያለውን ቤዝ መቀነሳቸው በአጋጣሚ አይደለም። ብቻቸውን ሲሰሙ ቀጭን ናቸው፣ በባንድ መካከል ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ ቶንህን ብቻህን ተቀምጠህ አትወስን፤ ልምምድ ላይ ባንዱ እየተጫወተ፣ ቤዙን ከግማሽ በታች፣ ሚዱን ከግማሽ በላይ አድርገህ ጀምርና ከዚያ አስተካክል። የኪቦርድ ተጫዋቹንም በትሕትና አነጋግረው፤ በአንተ ሶሎ ጊዜ ግራ እጁን ከኮርዱ ላይ ቢያነሣልህ ከማንኛውም ፔዳል የበለጠ ይጠቅምሃል። እኔ ያጋጠሙኝ ኪቦርዲስቶች ይህ ሲነገራቸው ብዙም ደስ አይላቸውም።

ሁለተኛ፣ ጌይን ቮልዩም አይደለም። ጌይን በጨመርህ ቁጥር በቀስታና በኃይል በተመታ ክር መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል፤ ድምፁ ይጨመቃል፣ ወደ ኋላም ይሸሻል። ለእኛ ሙዚቃ ይህ የበለጠ ይጎዳል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ በከባድ ዲስቶርሽን ሁለት ክር አብረህ ስትነካ ፔዳሉ የሁለቱን ድምርና ልዩነት ስለሚጨምርበት፣ የቅኝቱ መልክ ይጠፋና ጭቃ ይሆናል። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን አድምጥ፤ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል፣ ማስጌጫውም ከጣቱ ይመጣል። ስለዚህ የዲስቶርሽኑን ጌይን ወደ ግማሽ አውርደውና ለሶሎ የምትረግጠውን ቡስት (ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ፔዳል) ከዲስቶርሽኑ በኋላ አድርገው። ከፊቱ ካደረግኸው የሚጨምርልህ ዲስቶርሽኑን እንጂ ቮልዩሙን አይደለም። አምፑ ራሱ ዲስቶርት የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ቡስቱ ከኋላ ባለው የኢፌክት ሉፕ (የአምፑ ድምፅ ከሻከረ በኋላ ፔዳል የሚገባበት ሶኬት) በኩል መግባት አለበት። በብዙ መድረክ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የቀረበው ሮላንድ ጄሲ-120 ግን ንጹሕ ሆኖ የሚቆይ ትራንዚስተር አምፕ ስለሆነ፣ ሁሉንም ከፊቱ ብትደረድር ችግር የለውም።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ እስካሁን የነገርሁህን ሁሉ አስተካክለህ ሳለ አንድ ሰው በአንድ ገመድ ሊያበላሽብህ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል በቋሚነት እንድንጫወት ተቀጥረን ነበር። የሆቴሉ ሳውንድማን አምፔን ከመድረክ አስወርዶ፣ የፔዳሎቼን መጨረሻ ጃክ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ሰካው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ እንደሚቆርጥና ዲስቶርሽን ያለዚያ ቆራጭ ሲወጣ ለጆሮ እንደማይሆን ልነግረው ሞከርሁ። «አንተ ተጫወት፣ ድምፁን ለእኔ ተወው» አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ብሄድም «እሱ ባለሙያ ነው» ከማለት በቀር የሰማኝ አልነበረም፤ እኔ ምን እንደሆንሁ አልጠየቅሁትም። በመጀመሪያው ሶሎ ከትላልቆቹ ስፒከሮች የወጣው ድምፅ የተነካ የንብ ቀፎ ነበር። ዘፋኙ ዘወር ብሎ አየኝ፣ ፊት ወንበር የተቀመጡ እንግዶችም ጆሯቸውን ያዙ። በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ጊታሩ እንዲቀነስ አዘዘ፤ ሳውንድማኑም በደስታ ቀነሰው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ብጫወት የሚሰማኝ እኔው ብቻ ሆንሁ። ክፍያዬ ላይም ለመቀነስ ሞክረው ነበር፣ እሱን ግን አልፈቀድሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳላስፈቅድ አምፔን፣ ከጓደኛ የተዋስሁትን ሹር ኤስኤም57 ማይክና አጭር ማቆሚያ ይዤ በጊዜ ገባሁ። ማይኩን ከስፒከሩ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል አርቄ፣ መካከለኛው ክብ ከኮኑ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ አነጣጠርሁት፤ ልክ መሃሉ ላይ ካነጣጠርህ ድምፁ ይሾላል፣ ወደ ዳር ከሸሸህ ይደበዝዛል። ሳውንድማኑ ሲመጣ የማይኩን ገመድ ጫፍ ብቻ በእጁ ሰጠሁት። ምንም አላለም፣ ሰካው። በዚያ ምሽት ዘፋኙ ሶሎዬን እንድደግመው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ያው ሳውንድማን በኋላ ለሌሎች ጊታሪስቶች «ማይኩ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው» እያለ ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ፤ ከማን እንደተማረው ግን ሲናገር አልሰማሁም።

አምፕ ይዘህ መሄድ ካልቻልህ ወይም እንደ እኔ አምፕህን ከማያስገባልህ ሰው ጋር ከገጠምህ፣ ያጠራቀምኸውን ገንዘብ በሦስተኛ ዲስቶርሽን ላይ ሳይሆን የስፒከር ድምፅ አስመስሎ በሚያወጣ ፔዳል ላይ አውለው፤ ከሁሉም በኋላ፣ ከሚክሰሩ በፊት ይገባል። እርሱ ካለህ ሳውንድማኑ የፈለገውን ይሰካ።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የባንዳችን ሁለተኛ ጊታሪስት አምፑን ያጣው በዚህ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ የሸጠለት ነጋዴ «እዚህም ይሠራል» ብሎ ምሎለት ነበር፤ ከኋላው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፏል፣ የእኛ ሶኬት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ነጋዴውም ገንዘቡን አልመለሰም። ፔዳል ስትገዛም አዳፕተሩን ተመልከት። አብዛኛው 9 ቮልት፣ የመሃሉ ነጥብ ኔጌቲቭ የሆነ ይፈልጋል፤ ገበያ ላይ የምታገኘው የካሜራና የራውተር አዳፕተር ግን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ሆኖ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው።

ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ ኢፌክት) እንደምትጠቀምም ጽፈሃል። በግምት አታስተካክለው። 60,000ን በዘፈኑ ፍጥነት አካፍል፤ ጭፈራው በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። ጭክጭካ ምቱን ለሦስት ስለሚከፍለው ዲሌዩን 333 ላይ፣ ማለትም ከሦስቱ ሁለቱ ላይ አድርገውና መልሱን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰማ ተወው፤ ከከበሮው ጋር ሳይጋጭ ሶሎውን ይሞላልሃል። ለቀስታ ትዝታ ግን ዲሌዩን ዝጋውና ትንሽ ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት) ብቻ ተጠቀም።

የምትጫወትበትን አምፕ ስምና ከኋላው የኢፌክት ሉፕ ሶኬት ይኑረው አይኑረው ጻፍልኝ፤ ባሉህ ሁለት ፔዳሎች ቅደም ተከተሉን አስተካክልልሃለሁ።