ኡቡንቱ ያለ ኢንተርኔት ተጭኖ ዋይፋዩ እምቢ ሲል

ጥያቄው ባጭሩ፦ ኡቡንቱ 22.04.4 ተጭኗል፣ ሪልቴክ 8812ኤዩ የዩኤስቢ ዋይፋይ አይሠራም፣ ድራይቨሩን ኮምፓይል ለማድረግ ጂሲሲና ሜክ (ሶርስ ኮዱን ወደሚሠራ ድራይቨር የሚለውጡት መሣሪያዎች) የሉም፣ እነሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት የለም።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልክህን ሞክር። አንድሮይድ በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ብታበራ ሊነክስ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር አይፈልግም። የፈለግኸው ወርዶ እንዳለቀ ኬብሉን ንቀል፤ ከጀርባ የሚወርድ አፕዴት ዳታህን ይበላዋል።

ስልክ ካልሆነ ኢንተርኔት ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ የጫንክበትን ያንኑ ፍላሽ ሰክተህ ከእሱ አስነሳና «ትራይ ኡቡንቱ» በል፤ ሳይጫን ከፍላሹ የሚሠራ ላይቭ ኡቡንቱ ይከፈታል። የሰው ኡቡንቱ ላይ አታውርድ፤ አፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም አውራጅና ጫኝ) እዚያ ቀድሞ ያለውን ፓኬጅ ይዘለዋል፣ አንተ ጋ ስትደርስ ይጎድላል። ላይቩ ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ ቢልድ-ኢሴንሻል ዲኬኤምኤስ ጂሲሲ-12»። (ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፋቸው።) ጂሲሲ-12ን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ የ22.04.4 ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 6.5 የተገነባው በጂሲሲ 12 ነው፣ ቢልድ-ኢሴንሻል (የኮምፓይል መሣሪያዎቹ ጥቅል) ግን 11ን ያመጣል፤ ድራይቨሩን ለከርነሉ የሚገነባው ዲኬኤምኤስ «ጂሲሲ-12 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል።

የወረዱት ዴብ ፋይሎች (ፓኬጆቹ) ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው የፎልደር መንገድ ውስጥ ናቸው። አንድም ሳትመርጥ ሁሉንም ገልብጥ። ለምሳሌ ለኮምፓይል የሚያስፈልገው ሊብሲ6-ዴቭ ሲስተሙ ላይ ካለው የሲ ላይብረሪ ከሊብሲ6 ጋር ቨርዥኑ ልክ እኩል ካልሆነ አይጫንም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የድራይቨሩን ሶርስ ኮድም በዚፕ አውርድ፣ ጊት (ኮድ ማውረጃው ፕሮግራም) የለህምና።

ወደ ማሽንህ ስትመለስ ሁሉንም ሆም ፎልደርህ ውስጥ አድርገህ ዴብ ፋይሎቹን አንድ ላይ በአፕት ጫን፤ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያስተካክላል። ፍላሹ ላይ እንዳለ ኮምፓይል አታድርግ፣ የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይዝም። ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልገው የከርነል ሄደር ኡቡንቱ ላይ አብሮ ነው የሚመጣው፤ ግን «ዩኔም -አር» የሚሰጥህ የከርነል ቁጥር ዩኤስአር፣ ኤስአርሲ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ዴቢያን ላይ ሄደሩ አይጫንም፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት እያወረደ በሚጭነው ኔትኢንስት ፈንታ ዲቪዲ-1ን ያዝ፣ ኮምፓይለሩም ሄደሩም እዚያው አሉ።

ሌሎቹ የሪልቴክ ቺፖች፣ 8821ሲዩ ወይም 8822ቢዩ፣ ያላችሁ በዚህ አትድከሙ፤ ከከርነል 6.2 ጀምሮ ድራይቨራቸው ውስጡ አለ።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር የሚከለክለው የኮምፒውተሩ መከላከያ) ከበራ ሲጫን ፓስዎርድ ያስይዝሃል፤ ሪስታርት ስታደርግ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን «ኢንሮል ሞክ» መርጠህ ያንኑ አስገባ። ዝም ብለህ ካለፍከው ሞጁሉ (የተገነባው ድራይቨር) በትክክል ተገንብቶም «ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ» (ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም) ይልሃል።