ቀልድ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆች፣ የምትለቋቸውን አጫጭር የቀልድ ቪዲዮዎች አያለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቆረጣው ላይ ነው። ትቸኩላላችሁ። ሰውዬው ወድቆ ሳያበቃ ትቆርጡትና የሳቅ ድምፅ ትለጥፉበታላችሁ። እስቲ አንድ ፊልም ልጋብዛችሁ።

«ዘ ሚውዚክ ቦክስ» ይባላል። ቀጭኑና ወፍራሙ ኮሜዲያኖች፣ ሎሬልና ሃርዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የሠሩት የግማሽ ሰዓት ገደማ ፊልም ነው። ታሪኩ ይኼው ነው፦ ሁለት ሰዎች በሣጥን የታሸገ ፒያኖ ደረጃ አናት ላይ ላለ ቤት ያደርሳሉ። በቃ። ደረጃው ሎስ አንጀለስ፣ ሲልቨር ሌክ ሰፈር ውስጥ ዛሬም አለ። 133 እርከን!

ፖስተኛው ወደ ላይ ሲጠቁማቸው ካሜራው ደረጃውን ያሳየናል። ማንም ገና አልቀለደም። እኛ ግን የሚመጣባቸውን ስላወቅን ሳቃችን ቀድሞ መጥቷል። ስንት ለፍተው ጥቂት እንደወጡ፣ ሕፃን በጋሪ ይዛ የምትወርድ ሞግዚት ታገኛቸዋለች። እሷን እናሳልፍ ሲሉ ሣጥኑ ያመልጣቸዋል። ቁልቁል ሲሄድ አትቆርጡም፤ እስከ ታች ትከተሉታላችሁ። ደግሞ ድምፁን ስሙት። የፒያኖው ክር ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ይጮኻል። ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ እነሱ ግን ዋናውን ንግግር ለፒያኖው ሰጡት። የተሰበረ ነገር አናይም፣ እንሰማለን እንጂ።

እኔን ሁሌ የሚገድለኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። በመከራ አናቱ ላይ ሲደርሱ ያው ፖስተኛ ይመጣና «በዚያ በኩል እኮ የጋሪ መንገድ አለ» ይላቸዋል። ምን ያደርጋሉ? ፒያኖውን መልሰው ያወርዱታል! ጋሪያቸው ላይ ጭነው በትክክለኛው መንገድ ለማምጣት። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም። ከልባቸው ሥራ ላይ ናቸው። እናንተ ጋ ያጣሁት ይህንን ነው፤ ተዋናዩ ከተመልካቹ ቀድሞ ይስቃል።

ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አልነበረም። በ1927 እዚያው ደረጃ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ሠርተውታል። ያኛው ፊልም ዛሬ ጠፍቷል። «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» ግን የአጭር ኮሜዲ ኦስካር ሲጀመር የመጀመሪያውን ወሰደ። ስለዚህ «ይኼን እኮ ሠርተነዋል» እያላችሁ ጥሩ ሐሳብ አትጣሉ።

ስታን ሎሬል ተዋናይ ብቻ አልነበረም፤ ቀልዱን ሲያወጣ፣ ኤዲቲንጉ ላይም ሲቀመጥ ይውል ነበር። ፊልሞቻቸውን ቀድመው ለተመልካች ያሳዩና ሳቁ በሚረዝምበት ቦታ ትዕይንቱን ያስረዝሙ ነበር። ይኼ ለእናንተ ምንም ወጪ የለውም። ከመልቀቃችሁ በፊት ቪዲዮውን ለእናታችሁ ክፈቱላት። እናንተ ስልኩን ሳይሆን ፊቷን እዩ። የት ጋ ፈገግ አለች? የት ጋ ወደ ሽንኩርቷ ዞረች? ያዙትና ሄዳችሁ እንደገና ቁረጡ።