ጡረታ ሠራተኛ ይይዛል፣ ግን ሠራተኛው ካወቀው ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ገና አየሁት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ ነሽ። ደሞዝ መጨመር አትችይም። ወጣት ሠራተኞችሽ ወደ ግል ድርጅት እየሄዱብሽ ነው። አለቆችሽ ደግሞ ጡረታውን ዘግተን እያንዳንዱ በራሱ ሒሳብ በሚያጠራቅመው የግል ቁጠባ እንተካው ይላሉ። «ጡረታው ሰው ያስቀርልኛል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚያው ወንበር ላይ 14 ዓመት ተቀምጫለሁ። ያስቀርልሻል። የእኔን ስህተት ብቻ አትድገሚው።

1. ለአዲስ ተቀጣሪ ስለ ጡረታ በመስበክ ብዙ አትድከሚ። የ24 ዓመት ልጅ የሚያየው የወሩን ደሞዝ ነው። ማስታወቂያው ላይ ጻፊውና እለፊው። ጡረታ ጉልበቱ የሚታየው ሰውዬው ከ8፣ ከ10 ዓመት በኋላ ልጅ ወልዶ ነገን ማሰብ ሲጀምር ነው።

2. ለጡረታ የሚያበቃውን አገልግሎት ሊሞሉ የተቃረቡትን ስም ለይተሽ ያዢ። ይህን የምልሽ በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። መልቀቂያ አስገባ፣ ፈረምኩለት። ክሊራንሱን ጨርሶ መጣ፣ መልካም ዕድል ብዬ ሸኘሁት። ለካ አገልግሎቱን ሊሞላ የቀረው 4 ወር ብቻ ነበር! የተመለሰለት ከራሱ ደሞዝ የተቆረጠው መዋጮ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለእሱ ያዋጣው እዚያው ቀረ። በዓመቱ መጥቶ «ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። ምን ልበለው? ፋይሉ እኔ ጋ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንዴ አንድ ገጽ ስሌት መስጠት ጀመርኩ። ቀመሩ ለአንድ የአገልግሎት ዓመት ከመጨረሻው ደሞዝ 2 በመቶ ይሰጣል እንበል። 15 ዓመት የሠራ ሰው ዛሬ ቢለቅ የዛሬ ደሞዙ 30 በመቶ ይያዝለታል። ጡረታ እስኪወጣ 20 ዓመት ኑሮ ሲወደድ ያ ገንዘብ ባለበት ሊቆም ይችላል። ከቆየ ግን እነዚያው 15 ዓመታትም የሚሰሉት ሲወጣ በሚኖረው ደሞዝ ነው። ይህን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳሰላላቸው፣ መልቀቂያቸውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው ወደ ሥራቸው የተመለሱ አሉ። በዚህ እኮራለሁ። እርግጥ ሥራው የሰለቸውም ጡረታዬን ልሙላ ብሎ ይቀመጥብሻል፤ እሱን በዝውውር ነው የምትፈቺው።

ለአለቆችሽ የአሜሪካዋን ግዛት የዌስት ቨርጂኒያን ታሪክ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለአዳዲስ መምህራን ቋሚ ጡረታውን ዘግታ በግል ቁጠባ ተካችው። ብዙዎቹ ያጠራቀሙት ለእርጅና የሚበቃ አልሆነም። በ2005 አዲስ ተቀጣሪዎችን ወደ ድሮው ጡረታ መለሰች።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ነገር የጡረታ ቢሮው ነው። 31 ዓመት ያገለገለች ባልደረባችንን አንዲት የቅጥር ደብዳቤ ጠፋች ብለው 7 ወር አመላለሷት። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ሌላ ቀን ነይ» ይላታል። እሷ እኛ ቢሮ መጥታ ስታለቅስ ወጣቶቹ ያያሉ። በዚያው ወር ሁለቱ ለቀቁ። አንደኛዋ «እኔንም እንዲህ ሊያደርጉኝ ነው?» አለችኝ። የእኔን ገጽ ከዚያ በኋላ ማን ይመነው? ስለዚህ ሰው ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ፋይሉን ከመዝገብ ቤት አስወጪና ከቅጥር ደብዳቤው ጀምረሽ አንድ በአንድ አይተሽ የጎደለውን ራስሽ አሟይለት።