ፉሺሚ ኢናሪ ልሂድ ወይ ላልሽው

እህቴ «ጃፓን ኪዮቶ የማድረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው ቀያይ በሮቹ ያሉበት የሺንቶ (የጃፓኖች ባህላዊ እምነት) መቅደስ ያዋጣል ወይ፣ ደሞ እኔ ክርስቲያን ነኝ ስገጂ ይሉኛል ወይ» ላልሽው እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሂጂ፣ ግን በጠዋት። መጀመሪያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሄጄ ለፎቶ ወረፋ ስጋፋ ተናድጄ ተመለስኩ፣ በሁለተኛው በኛ ሰዓት ጠዋት 12 ላይ ደረስኩ፣ የወፍ ድምፅ ብቻ። ቦታው 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ የመግቢያ ክፍያም የለውም። ከኪዮቶ ጣቢያ ጄአር በሚባለው የባቡር ድርጅት ናራ መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው፣ ፈጣኑን ባቡር እንዳትይዢ እዛ አይቆምም፣ እኔ አልፌው ሄጄ ነው የተመለስኩት 😅

በሮቹ ቶሪ ነው የሚባሉት፣ ወደ 10 ሺህ ይጠጋሉ። መንግስት የሰራቸው እንዳይመስልሽ፣ ነጋዴው ነው ስለቱ ሲሰምርለት ወይ ገና ሲሳል የሚያስተክለው። መቅደሱ በ711 ሲጀመር ኢናሪ የሩዝና የአዝመራ አምላክ ነበር፣ ኋላ ነጋዴውም የኔም ነው አለ። በሮቹ ባሉበት መንገድ ተራራውን ስትወጪ ቀይ ብቻ ነው የሚታይሽ፣ ስትወርጂ ግን ያስተከለው ሰው ወይ ድርጅት ስምና ቀኑ በጥቁር ተፅፎ ፊት ለፊትሽ ይመጣል፣ እኔ በመጀመሪያው ጉዞ ይሄን ሳላይ ነው የወጣሁት። የድንጋይ ቀበሮዎቹም የሚመለኩ አይደሉም፣ የኢናሪ መልእክተኞች ናቸው፣ አንዳንዱ አፉ ላይ የያዘው ቁልፍ የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው።

ስግደቱን በተመለከተ ማንም አያስገድድሽም። የሚሰግዱት ሰዎች መግቢያው ላይ ግራ እጃቸውን ቀጥሎ ቀኙን ታጥበው አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ፣ ከዛ ሁለቴ ጎንበስ ሁለቴ ጭብጨባ አንዴ ጎንበስ። እኔ እጄን ታጥቤ ዳር ቆሜ አየሁ፣ ዞር ብሎ ያየኝም የለም። ብቻ በበሮቹ ስር ስታልፊ መሃሉን ተይው፣ የአምላክ መንገድ ነው ይላሉ።

ተራራው 233 ሜትር ነው፣ ሙሉውን ለመዞር 2 ወይ 3 ሰዓት ይፈጃል። ላንቺ ዮትሱትሱጂ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ይበቃሻል፣ ከተማው ከዛ ነው የሚታየው፣ ጫፉ ላይ ዛፍ ብቻ ነው። ስትወርጂ ኢናሪዙሺ ቅመሺ፣ በተጠበሰ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ እንደ አይብ ያለ ምግብ) የተጠቀለለ ሩዝ ነው፣ ቀበሮዎቹ ይወዱታል ይባላል። ፆም ላይ ከሆንሽ ግን ጠይቂ፣ ቶፉው የሚቀቀልበት መረቅ ብዙ ጊዜ የዓሣ ነው።