ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ

ጥያቄ፦ በጎንደር ፒያሳ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። የሰርግና በፋሲል መዋኛ ያነሳኋቸው የጥምቀት ምስሎች ያሉበት ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፤ አንድ ፎልደር ለመክፈትም ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ ይላል፤ ላድርገው?

መልስ፦ እባክዎ ፎርማት አያድርጉት፤ ኮምፒውተሩንም አሁኑኑ ያጥፉት። ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የማንበቢያው ጭንቅላት በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ በሚሽከረከረው የዲስኩ የውስጥ ሳህን ላይ መረጃውን ማግኘት አቅቶት ደጋግሞ ወደ መነሻው ሲመለስ ነው። ጭንቅላቱ ሳህኑን ከቧጨረው፣ በዚያ ስፍራ የነበረው ምስል በማንም እጅ አይመለስም። ስለዚህ ዲስኩን ሳይከፍቱ፣ አንዳንዶች እንደሚመክሩትም ፍሪጅ ውስጥ ሳያስገቡ (እርጥበቱ ይጎዳዋል)፣ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላለው ባለሙያ ይስጡት። ዋጋው ውድ ነው፤ የሙሽሮቹ ምስል ግን ዳግም አይነሳም።

ድምፅ ሳያሰማ የሚዘገይ ሌላ ዲስክ ካለዎት፣ በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) ላይ ዲዲሬስኪው (ddrescue) በተባለው ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ ወደሆነ ጤነኛ ዲስክ ያውጡ፤ ፋይሎቹንም የሚፈልጉት ከቅጂው ላይ ይሁን። ፕሮግራሙ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይቀዳል፣ የተበላሸውን ለኋላ ያቆያል፤ የሥራውን መዝገብ እንዲይዝ ካዘዙትም መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል።